የፖስታ ታሪክና የአድራሻ አጻጻፍ

ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ አሳቡን ሁሉ የሚጥለው በውስጡ ባለው ቃል ላይ ነው። ቃላቱን ይመርጣል፤ ጽሕፈቱን ያሳምራል፤ ስሕተት እንዳይገኝበት ደጋግሞ ያነበዋል። ደብዳቤው ካለቀ በኋላ ግን ወረቀቱን እንደምንም አጥፎ በእጁ ባገኘው ፖስታ ውስጥ ይከትና በላዩ ላይ ስም ጫር አድርጎ ይልከዋል። ነገር ግን ደብዳቤው ከተቀባዩ እጅ እስኪገባ ድረስ በመንገድ የሚያገኙት ሰዎች ሁሉ የሚያነቡት ውስጡን ሳይሆን ውጭውን ብቻ ነው። ውጭው ከተበላሸ የውስጡ ማማር ለማንም አይጠቅምም።

ይህን አነስተኛ ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት የሆነኝ በእኛው ክፍል የደረሰ ነገር ነው። ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ስንዘጋጅ፣ ለቤተ መጻሕፍታችን መጻሕፍት እንዲሰጠን አንድን የንግድ ድርጅት በደብዳቤ ለመጠየቅ ተስማማን። ደብዳቤውን አስተካክለን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብን። በፖስታው ላይ የጻፍነው ግን የድርጅቱን ስምና «ከአደባባዩ ከፍ ብሎ፣ ከፋርማሲው ጎን» የሚል ብቻ ነበር። ከአምስት ሳምንት በኋላ ያው ፖስታ አድራሻው ያልተሟላ መሆኑ ተጽፎበት ተመለሰልን። አድራሻውን አርመን እንደገና ብንልከው መልሱ ፈጥኖ መጣ፤ ነገር ግን ድርጅቱ ለዓመቱ የመደበውን ርዳታ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች አከፋፍሎ መጨረሱን የሚገልጽ ነበር። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የራሳችን ነው። መምህራችን አልተቆጡንም፤ «አገሩን ለሚያውቅ ሰው በእጁ ብትሰጡት ኖሮ ይደርስ ነበር። ፖስታ ቤት ግን እናንተንም ድርጅቱንም አያውቅም፤ የሚያውቀው ፖስታው የነገረውን ብቻ ነው» አሉን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ፖስታ ታሪክ ለማወቅ ፈለግሁ፤ ያገኘሁትንም ለአንባብያን እነሆ አቀርባለሁ።

በጥንት ዘመን መልእክት የሚልክ ሰው የሚልከው በሚያምነው ሰው እጅ ነበር። መልእክተኛው ላኪውንም ተቀባዩንም ያውቃል፤ ቢጠፋበት ጠይቆ ያገኛል፤ ተቀባዩ ወደ ሌላ ስፍራ ሄዶ ቢሆን ተከትሎ ይደርስበታል። ስለዚህ አድራሻው በወረቀት ላይ ሳይሆን በመልእክተኛው አእምሮ ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል። የመልእክቱ መያዣ ሥራም መንገድ ማሳየት ሳይሆን ምሥጢር መጠበቅ ነበር።

የንግድ ደብዳቤ መያዣ ካላቸው እጅግ ጥንታውያን ምስክሮች አንዱ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር፣ በካይሰሪ ከተማ አጠገብ ኩልቴፔ በሚባለው ስፍራ ተገኝቷል። በዚያ ካኔሽ የምትባል ከተማ ነበረች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1900 ዓመት ገደማ ከአሦር የመጡ ነጋዴዎች በዚያ ተቀምጠው ቆርቆሮና ልብስ በአህያ እያስጫኑ በማምጣት በብርና በወርቅ ይሸጡ ነበር። እነዚህ ነጋዴዎች ደብዳቤ የሚጽፉት በእርጥብ የሸክላ ጭቃ ላይ ሲሆን፣ ከተቆፈረው መሬት ከ20,000 የሚበልጡ ጽላቶች ወጥተዋል። ጽላቱ ከደረቀ በኋላ በስስ ጭቃ ይሸፍኑትና በሽፋኑ ላይ የላኪውንና የተቀባዩን ስም ጽፈው ማኅተም ያሳርፉበታል። ተቀባዩ ደብዳቤውን ለማንበብ የሸክላውን ፖስታ መስበር ነበረበት። ከተሰበረ በኋላ መልሶ መጠገን ስለማይቻል በመንገድ የከፈተው ሰው ቢኖር ወዲያው ይታወቃል። እንግዲህ የዛሬ አራት ሺህ ዓመት ግድም የነበረው ነጋዴ፣ ዛሬም ከፖስታ የምንፈልጋቸውን ሁለት ነገሮች ማለት ምሥጢር መጠበቅንና ለማን እንደ ሆነ ማስታወቅን ዐውቆ ነበር።

በአገራችንም የደብዳቤ ሥርዓት ጥንታዊ ነው። የነገሥታቱና የመኳንንቱ ደብዳቤ «ይድረስ ከ» በሚል ቃል የተቀባዩን ስምና ማዕርግ አስቀድሞ ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ ሰላምታው፣ ከሰላምታው ቀጥሎ ጉዳዩ ይመጣል። የንጉሡ ማኅተም የሚያርፈውም እንደ አውሮፓውያን ፊርማ ከግርጌ ሳይሆን ከራስጌ ነው። «ይድረስ» የሚለው ቃል ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ደብዳቤው ከመናገሩ በፊት እንዲደርስ ይመኛልና። ነገር ግን ይህ አድራሻ የተጻፈው በደብዳቤው ውስጥ ነው። ወረቀቱ ተጠቅልሎ ወይም ታጥፎ በታመነ መልእክተኛ እጅ ስለሚሄድ በውጭ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም ነበር።

በአውሮፓም ቢሆን ፖስታ የተለመደው ዘግይቶ ነው። ሰዎች የደብዳቤውን ወረቀት ራሱን አጥፈው በሰም ያትሙና በጀርባው አድራሻ ይጽፉበት ነበር። ለምን ቢባል፣ ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር የደብዳቤ ዋጋ የሚቈጠረው በመንገዱ ርቀትና በወረቀቱ ብዛት ስለ ነበረ ነው። አንዱን ወረቀት በሌላ ወረቀት የጠቀለለ ሰው የሁለት ወረቀት ዋጋ ይጠየቃል። ከዚህም በላይ ብዙውን ጊዜ ዋጋውን የሚከፍለው ተቀባዩ ስለ ሆነ፣ መክፈል ያቃተው ድኻ ደብዳቤውን ሳይቀበል ይመልሰው ነበር።

ይህን ሥርዓት የለወጠው ሮውላንድ ሂል የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ሮውላንድ ሂል አስቀድሞ የትምህርት ቤት መምህር እንደ ነበረ ሲታወቅ ለእኛ ለተማሪዎች ልዩ ደስታ ይሰጠናል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1837 ባሳተመው መጽሔት፣ ደብዳቤ በወረቀት ብዛት መቈጠሩ ቀርቶ በክብደት እንዲመዘን፣ ዋጋውም በአገሩ ውስጥ ለየትኛውም ርቀት አንድ ሆኖ በላኪው አስቀድሞ እንዲከፈል አሳሰበ። አሳቡ ተቀባይነት አግኝቶ እ.ኤ.አ. ከጥር 10 ቀን 1840 ጀምሮ ግማሽ አውንስ ለሚመዝን ደብዳቤ አንድ ፔኒ ብቻ ተቈረጠ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የዓለም የመጀመሪያው ሙጫ ያለው የፖስታ ቴምብር ሥራ ላይ ዋለ። ባንድ ዓመት ውስጥ የደብዳቤው ቍጥር ከእጥፍ በላይ ሆነ። ፖስታም ተጨማሪ ዋጋ የማያስከፍል ስለ ሆነ ሰው ሁሉ ሊገዛው ጀመረ። የሮውላንድ ሂል ወንድም ኤድዊን ሂልና ዋረን ደ ላ ሩ የተባለው ሰው ፖስታ የሚያጥፍ መኪና ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1845 የባለቤትነት መብት አገኙበት፤ መኪናውም በ1851 በሎንዶን በተደረገው ታላቅ የኤግዚቢሽን በዓል ለሕዝብ ታየ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ከቴምብሩ ጋር አብሮ እንዲሸጥ ዊልያም ማልሬዲ የሚባል የታወቀ ሠዓሊ የሣለው የፖስታ ወረቀት ወጥቶ ነበር። ሥዕሉ ብሪታኒያ በሴት አምሳል ተቀምጣ ወደ ዓለም ሁሉ መልእክተኞች ስትልክ፣ በዙሪያዋም አንበሳ፣ ዝሆን፣ ግመልና መርከብ የሚያሳይ ነበር። መንግሥቱ ሕዝቡ ከቴምብሩ ይልቅ ይህን ይወደዋል ብሎ አስቦ ብዙ አሳተመ። ሕዝቡ ግን ሣቀበት፤ ጋዜጠኞችና ሠዓሊዎችም ቀለዱበት። ብዙም ሳይቈይ እንዲቀር ተወሰነ፤ ትንሿና ጌጥ ያልበዛባት ቴምብር ግን በዓለም ሁሉ ተስፋፋች። ከዚህ የምንማረው፣ ፖስታ በተለይም የንግድ ፖስታ ጌጥ ሳይሆን ግልጽነት የሚፈለግበት መሆኑን ነው።

ደብዳቤ በበዛ መጠን ተሸካሚውና ባለጉዳዩ እየተራራቁ ሄዱ። በቀድሞ ዘመን መልእክተኛው ጌታውን ያውቅ ነበር፤ አሁን ግን ደብዳቤውን አንዱ ተቀብሎ፣ ሌላው ለይቶ፣ ሦስተኛው ጭኖ፣ አራተኛው ያደርሰዋል። ከነዚህ ሁሉ አንዱ እንኳ ላኪውን አያውቀውም። ስለዚህ መልእክተኛው በአፉ ይናገር የነበረውን ሁሉ ፖስታው በጽሕፈት እንዲናገር ግድ ሆነ። ነጋዴዎችም ስሕተት የሚቀነስበትን ብልኃት ፈለጉ። በቺካጎ ይኖር የነበረው አሜሪከስ ካላሃን እ.ኤ.አ. በ1902 ባለመስኮት ፖስታ ለመሥራት የባለቤትነት መብት አገኘ። በዚህ ፖስታ አድራሻው የሚጻፈው በደብዳቤው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በመስኮቱ በኩል በውጭ ይታያል። አንድ ጸሓፊ መቶ ደብዳቤ ሲልክ የአንዱን ደብዳቤ በሌላው ፖስታ እንዳይከት ይህ ትልቅ ርዳታ ሆነው።

በአገሮች መካከል ሲሆን ችግሩ የባሰ ነበር። እያንዳንዱ መንግሥት በየራሱ ውል ስለሚሠራ ደብዳቤ ድንበር በተሻገረ ቍጥር ሌላ ሒሳብ ይጠየቃል። ይህን ለማስወገድ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1874 በስዊስ አገር በበርን ከተማ 22 አገሮች ተፈራርመው፣ ዛሬ የዓለም የፖስታ ኅብረት የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። የውሉ ፍሬ ነገር አባል የሆኑት አገሮች ሁሉ ለደብዳቤ እንደ አንድ አገር እንዲቈጠሩ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የኢትዮጵያ ፖስታ ተቋቋመ። በዚህ ሥራ የስዊሱ ተወላጅ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የንጉሠ ነገሥቱ ረዳት ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ፤ ቅርጹን የሠራው ኤውጄን ሙሾን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ሰባት ዓይነት ሲሆኑ፣ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሦስቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ይታይባቸው ነበር።

ነገር ግን ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የኅብረቱ አባል ስላልነበረች ቴምብሯ ከድንበር ውጭ አይሠራም ነበር። ከአዲስ አበባ ወይም ከሐረር ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ የኢትዮጵያ ቴምብር ተለጥፎበት እስከ ባሕር ጠረፍ ይደርስና፣ ከዚያ በኋላ ለሚሄድበት የፈረንሳይ ሱማሌ ጠረፍ ቴምብር ይጨመርበታል። አንዱ ፖስታ የሁለት መንግሥት ቴምብር ተሸክሞ ይጓዝ ነበር ማለት ነው። ይህ ነገር የቀረው ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1908 የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን ነው። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ቴምብር የታተመ ፖስታ በየትኛውም የአባል አገር የሚከበር ሆነ። የመጓጓዣውም ነገር እንዲሁ ተሻሻለ። በእግረኛና በጭነት ከብት ይሄድ የነበረው ደብዳቤ፣ የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ በባቡር ይጓዝ ጀመር። የኢትዮጵያ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ካይሮ በረራ ጀመረ።

የፖስታ ታሪክ በቋንቋችንም ላይ ምልክቱን ትቷል። «ፖስታ» ስንል መሥሪያ ቤቱንም የሚያመጣውንም የወረቀቱን ከረጢትም እንጠራበታለን፤ «ቴምብር» የሚለው ቃል የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው። ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘው ግን በደረሰኝ ተመዝግቦ የሚላከውን ደብዳቤ «የአደራ ደብዳቤ» ማለታችን ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ በትክክል ያገለግላል። ፖስታ ቤቱ አደራውን የሚጠብቀው ግን አደራው ለማን እንደ ሆነ በትክክል ሲነገረው ነው።

እንግዲህ ታሪኩ ይህ ከሆነ፣ ዛሬ የንግድ ወይም የሥራ ደብዳቤ የሚልክ ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል?

አስቀድሞ ለደብዳቤው ተስማሚ የሆነውን ፖስታ ይምረጥ። የዛሬው የወረቀት ልክ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1922 በጀርመን አገር በዋልተር ፖርስትማን አሳብ ነው። በየቢሮው የምናየው ኤ4 ወረቀት ስፋቱ 210፣ ርዝመቱ 297 ሚሊሜትር ነው። ርዝመቱን ለስፋቱ ብናካፍለው የሁለት ካሬ ሥር የሆነውን 1.414 እናገኛለን፤ ስለዚህ ወረቀቱን ከመካከሉ ብናጥፈው መልኩ ሳይለወጥ መጠኑ ብቻ በግማሽ ይቀንሳል። ለዚህም ወረቀት የሚስማሙ ፖስታዎች አሉ። ኤ4 ወረቀት ሳይታጠፍ የሚገባበት ሲ4 የሚባለው 229 በ324 ሚሊሜትር ነው፤ አንድ ጊዜ ታጥፎ የሚገባበት ሲ5፣ 162 በ229 ነው፤ ሁለት ጊዜ ታጥፎ በአራት የተከፈለ እንደ ሆነ ሲ6፣ 114 በ162 ይበቃዋል። ሦስት ቦታ የታጠፈ ደብዳቤ ደግሞ 110 በ220 በሆነው ረጅሙ ፖስታ ይገባል። ለተራ የሥራ ደብዳቤ ረጅሙ ነጭ ፖስታ የተመረጠ ነው። የትምህርት ማስረጃ፣ ፎቶግራፍ ወይም ውል ሲሆን ግን ማጠፍ ነውር ስለ ሆነ ትልቁን ካኪ ፖስታ መያዝ ይገባል። ትንሽ ወረቀት በትልቅ ፖስታ ቢከቱት ሲንገላታ ይጨማደዳል፤ ብዙ ወረቀት በትንሽ ፖስታ ቢያጨናንቁት በመንገድ ይቀደዳል። ምሥጢር ያለበት ጽሑፍ በስስ ፖስታ እንዳይላክም መጠንቀቅ ያሻል፤ በብርሃን ላይ ሲያዙት ይነበባልና።

ሁለተኛው የአድራሻው አጻጻፍ ነው። በአገራችን በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ የአድራሻ ዋና ነገር የፖስታ ሣጥን ቍጥር ነው። በእጅ ለሚላክ «ከአደባባዩ ከፍ ብሎ» ማለት ይበቃ ይሆናል፤ በፖስታ ቤት ለሚላከው ግን ቍጥሩ የቤቱ በር ነው። ስለዚህ በፖስታው ፊት፣ ከመካከሉ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ እንዲህ ተደርጎ በግልጽ ይጻፋል፤

ለ……………………… ድርጅት
ለሠራተኛ አስተዳደር ክፍል
የፖስታ ሣጥን ቍጥር …………
አዲስ አበባ

ቴምብሩ ከላይ በስተቀኝ ይለጠፋል፤ የፖስታ ቤቱ ማኅተም እንዲያርፍበት በዙሪያው ባዶ ቦታ ይተውለታል። የላኪው ስምና አድራሻ ከላይ በስተግራ ወይም በጀርባው ይጻፋል። የእኛ ደብዳቤ ከአምስት ሳምንት በኋላም ቢሆን ሊመለስልን የቻለው የትምህርት ቤታችን አድራሻ በጀርባው ስለ ነበረ ነው፤ ያም ባይኖር ኖሮ እስከ ዛሬ ድረስ መልስ እየጠበቅን በድርጅቱ ላይ ባማረርን ነበር። የሥራ ጉዳይ ሲሆን ከሰውየው ስም ይልቅ የመሥሪያ ቤቱን ስምና የሥራ ክፍሉን ማስቀደም ይመረጣል። ባለሥልጣኑ ቢዛወር ወይም ዕረፍት ላይ ቢሆን ክፍሉ በስፍራው ይገኛልና። በስም መጻፍ ሲያስፈልግም አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት፣ ዶክተር ወይም ሌላ የሚገባውን ማዕርግ ሳያዛንፉ መጻፍ የጨዋ ሰው ልማድ ነው።

ሦስተኛው ወደ ውጭ አገር ስለሚላከው ነው። ዛሬ ከመካከላችን በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በዐረብ አገሮች ወንድም ወይም እኅት የሌለው ጥቂት ነው፤ ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚጻጻፍም አለ። ወደነዚህ አገሮች ሲጻፍ አድራሻው በላቲን ፊደል ሆኖ፣ ስሙ በመጀመሪያ፣ የቤቱ ቍጥርና መንገዱ ቀጥሎ፣ ከተማው ከነመለያ ቍጥሩ ከዚያ በታች፣ የአገሩ ስም በመጨረሻው መስመር በትልልቅ ፊደል ይጻፋል። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት አምስት አኃዝ ያለውን የፖስታ መለያ ቍጥር ያወጡት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1963 ነው። ከዚህ ቍጥር አንዱ አኃዝ ቢሳሳት ደብዳቤው ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ይችላል። የእኛ ስም ደግሞ የራስና የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም ስላልሆነ፣ ባለቤቱ በዚያ አገር የተመዘገበበትን ስም በሙሉ መጻፍ ይሻላል። አንድ ስም ብቻ ቢጻፍ በዚያ ቤት የሚኖረው ሰው መሆኑ ላይታወቅ ይችላል።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «በዚህ በኢሜይልና በስልክ ዘመን ፖስታ ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ብዙው መልእክት ዛሬ በወረቀት አይሄድም። ነገር ግን ዋናው የትምህርት ማስረጃ፣ የተፈረመበት ውል፣ የታሸገ የጨረታ ሰነድ እስካሁን በፖስታ ይገባሉ። ከዚህም በላይ በኢሜይል አድራሻ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትዘነጋ መልእክቱ ከማናውቀው ሰው ዘንድ ይደርሳል ወይም ይመለሳል። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ሕጉ አልተለወጠም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን እያንዳንዳችን ሥራ ለመጠየቅ፣ ትምህርት ለመቀጠል ወይም ንግድ ለመጀመር ደብዳቤ እንጽፋለን። ደብዳቤያችን የሚያልፍባቸው እጆች ስማችንን ሰምተው አያውቁም፤ ድካማችንንም አያዩም። የካኔሹ ነጋዴ በጭቃው ላይ ስሙን ሲጽፍ፣ አባቶቻችንም «ይድረስ» ብለው ሲጀምሩ፣ ሁሉም የተመኙት አንድ ነገር ነበር። ለእነርሱ የታመነ መልእክተኛ ነበራቸው። ለእኛ ግን መልእክተኛችን በፖስታው ላይ የምንጽፋቸው አራት መስመሮች ናቸው።

የክፍላችን ማኅበር ያንን የተመለሰ ፖስታ አልጣለውም፤ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። ዘንድሮ ለዚያው ድርጅት አዲስ ደብዳቤ ጽፈናል። ይህ መጽሔት ለኅትመት ሲሄድ መልሱ ገና አልመጣም ነበር፤ የፖስታ ሣጥኑን ቍጥር ግን አራታችን በየተራ አንብበን፣ ትክክል መሆኑን አረጋግጠን ልከነዋል።